ቻትቦትና የገዳሪፍ ጥያቄ

በመተማ ዮሐንስ በኩል ወደ ገላባት ተሻግሮ ገዳሪፍ የሚዘልቅ የሰሊጥ አጫጅ ከአሠሪው ጋር በተሰባበረ ዓረብኛ፣ ከጓደኞቹ ጋር በአማርኛ ወይም በትግርኛ ይግባባል። ሲቸግረው የሚያስተረጉምለት ቀድሞት የሄደ የአገሩ ልጅ ነው፤ ካልሆነም ደላላ። ስልኩ ላይ ኢንተርኔት ካለው ግን ቻትቦትንም መጠየቅ ይችላል። ይህ በጽሑፍ ወይም በድምፅ ሲያናግሩት መልስ የሚሰጥ የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው።

የመጀመሪያዋ ስመ ጥር ቻትቦት ኤላይዛ ትባላለች። እ.ኤ.አ. በ1966 ያስተዋወቃት የኤም.አይ.ቲ. ዩኒቨርሲቲ መምህሩ ጆሴፍ ዋይዘንባውም ራሱ በልጅነቱ ከናዚ ጀርመን ወደ አሜሪካ የተሰደደ ሰው ነው። ኤላይዛ እንደ ሥነ ልቦና ሐኪም ታዋራለች። ከተጻፈላት ውስጥ አንድ ቁልፍ ቃል ትመርጥና «የኔ»ን «ያንተ» አድርጋ በጥያቄ መልክ ትመልሳለች፤ ካልገባት «እሺ፣ ቀጥል» ትላለች። ብልሃቷ በአብዛኛው ይኸው ነው። ሆኖም የዋይዘንባውም ጸሐፊ ፕሮግራሙን ስትሞክር ብቻዋን እንድታወራ ከክፍሉ እንዲወጣላት ጠየቀችው። ነገሩ አስደንግጦት ኖሮ በ1976 ለማሽን ሊተው የማይገባ ውሳኔ አለ ብሎ የሚሞግት መጽሐፍ አሳተመ።

የኤላይዛ ዘዴ በአማርኛ ይከብድ ነበር። «እናቴ ናፈቀችኝ» ላለ ሰው «እናትህ ናፈቀችህ?» ብሎ ለመመለስ ቃል መቀየር አይበቃም፤ የሁለቱንም ቃላት ጅራት ቆርጦ ሌላ መቀጠል ያስፈልጋል፤ ጠያቂዋ ሴት ከሆነች ደግሞ ሌላ ጅራት።

የዛሬዎቹ ቻትቦቶች ሌላ ፍጥረት ናቸው። መሠረታቸው የጉግል ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጡት ትራንስፎርመር የተባለ አሠራር ነው፤ ቻት ጂፒቲ ኖቬምበር 30 ቀን 2022 ለሕዝብ ሲቀርብ ዓለም አወቃቸው። ፕሮግራሙ መዓት ጽሑፍ ያነብና ቀጥሎ የሚመጣውን ቃል ወይም ቁራጭ መገመት ይለምዳል፤ ተረት ሰምቶ ያደገ ልጅ «ከዕለታት» ሲባል «አንድ ቀን» እንደሚል። ከዚያ ሰዎች መልሶቹን እያወዳደሩ የጭውውት ወግ ያስይዙታል። ችግሩ የሚመስል ነገር ሁሉ እውነት አለመሆኑ ነው። የዕለቱን የገዳሪፍ የሰሊጥ ዋጋ ብትጠይቀው፣ ዋጋው በጨረታ ገበያው በየቀኑ የሚለዋወጥ ሆኖ ሳለ፣ ሳያፍር አንድ ቁጥር ሊሰጥህ ይችላል።

ድንበሩ ላይ ድክመቱ ይብሳል። በኢንተርኔት ያለው የአማርኛ ጽሑፍ ከእንግሊዝኛው ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው፤ የገበያው ቅይጥ ወሬ ደግሞ የሚጽፈው እምብዛም ነው። ዓረብኛውም ብዙ ጊዜ የመጽሐፍ ዓረብኛ እንጂ የሱዳን አይሆንም። አንድ የግዕዝ ፊደል በተለመደው የኮምፒውተር አጻጻፍ 3 ባይት ቦታ ይይዛል፤ የእንግሊዝኛው 1 ብቻ። ማሽኑ የኛን ቃል ብዙ ቦታ እየሰባበረ ስለሚያነብ ያው ጥያቄ ለአማርኛ ተናጋሪ ሊወደድ፣ ሊዘገይም ይችላል። ይህም ኔትወርክ ሲኖር ነው፤ በአማራ ክልል ከ2023 ኦገስት ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር፣ ሱዳንም በ2024 ፌብሩዋሪ መስመሯ በሰፊው ጠፍቶ ነበር።

ለመተማ ገበሬ እኔ ይበልጥ የማምነው እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ የሚሠራውን የ8028 የግብርና መስመር ነው። በተራ ስልክ ይደውላል፣ ቁጥር እየተጫነ የተቀዳ ምክር ያዳምጣል። መስመሩ ጨዋታ አያውቅም፤ ያልተቀዳውን ግን አይፈጥርም።

ቻትቦቱን መጠቀም የፈለገ ደብዳቤ ቢያስረቅቀው፣ የዓረብኛ ወረቀት ፍሬ ነገር ቢጠይቀው ይጠቅመዋል። ጠያቂዋ ሴት ከሆነች አስቀድማ ትንገረው፤ አለዚያ እናትንም «አንተ» ሊል ይችላል። በሱዳን በኡም ራኩባ ወይም በቱነይድባ የስደተኞች መጠለያ ያለ ሰው ግን ስሙን፣ የመመዝገቢያ ቁጥሩንና የሸሸበትን ምክንያት ባይጽፍለት ይሻላል። የዋይዘንባውም ጸሐፊ የጻፈችው ከተቋሙ ኮምፒውተር አልራቀም ነበር፤ የዛሬው ወሬ የሚሄደው ባሕር ማዶ ወዳለ የኩባንያ ማከማቻ ነው፣ ማን እንደሚያነበውም ጻፊው በውል አያውቅም።