ታሪክና ፍቅር በጆርጀት ሄየር ልብ ወለዶች

ታሪካዊ የፍቅር ልብ ወለድ ሲነሣ፣ ታሪኩን ለፍቅሩ ማስጌጫ አድርጎ መቁጠር የተለመደ ነው። ይህ አስተያየት ምን ያህል እንደሚያስኬድ በእንግሊዛዊቷ ደራሲ በጆርጀት ሄየር (እ.ኤ.አ. 1902-1974) ሥራዎች መመርመር ይቻላል።

ሄየር የመጀመሪያ ልብ ወለዷን «ዘ ብላክ ሞዝ»ን የጀመረችው የታመመ ወንድሟን ለማጫወት ነው፤ በ1921 ሲታተም ዕድሜዋ 19 ነበር። በ1935 ከታተመው «ሪጀንሲ በክ» ወዲህ፣ አልጋ ወራሹ በታመመው አባቱ ምትክ እንግሊዝን የመራበት ዘመን (1811-1820) ዋነኛ መቼቷ ሆነ። የዘመኑን አለባበስ፣ ሠረገላና የአራዳ ቋንቋ እያጠናች በማስታወሻ ደብተሮቿ ትመዘግብ ነበር።

የጥናቷ ፍሬ ጎልቶ የሚታየው በ1937 በወጣው «አን ኢንፌመስ አርሚ» ነው። ልብ ወለዱ በ1815 ወደተካሄደው የዋተርሉ ውጊያ ያመራል። ባርባራ ቻይልድና የዌሊንግተን ረዳት መኮንን ቻርልስ ኦድሊ ከተጫጩ በኋላ ይለያያሉ፤ የሚታረቁት ቻርልስ በውጊያው ክንዱን ካጣ በኋላ ነው። ውጊያው ከድርሰቱ ቢወጣ የፍቅሩ ግጭት መፍትሔ አያገኝም። እንግዲህ እዚህ ላይ ታሪኩ የሴራው አካል እንጂ ጌጥ አይደለም።

ይህ ግን ለሁሉም ሥራዎቿ አይሠራም፤ በብዙዎቹ የዘመኑ ጦርነትና ፖለቲካ ከበስተጀርባ ይቀራሉ። እርሷም አብልጣ የምትመለከተው በመካከለኛው ዘመን ላይ ያቀደችውን ሰፊ ሥራ ነበር። አንባቢ የሚጠብቀውን የፍቅር ታሪክ ለማድረስ ስትል ግን ደጋግማ አቋረጠችው። «ማይ ሎርድ ጆን» የተሰኘው ክፍል ሳይጠናቀቅ፣ ከሞተች በኋላ በ1975 ታተመ።

ስለዚህ የዘርፉን ድርሰት የሚመዝን ሐያሲ በቅድሚያ ሊጠይቅ የሚገባው፦ ታሪኩ ቢነሣ ፍቅሩ ይቆማል ወይ? የሚለውን ነው።