ልብን «ምታ» የሚለው ማን ነው?

የእንቁራሪት ልብ ከአካሏ ወጥቶ በተመጠነ የጨው ውሃ ውስጥ ቢቀመጥ መምታቱን ወዲያው አያቆምም። አንጎል የለው፣ ነርቭ የለው፤ ታዲያ «ምታ» የሚለው ማን ነው? የሰውም ልብ እንደዚሁ ትእዛዙን ከራሱ ያወጣል። እንዴት እንደሆነ ባጭሩ እንመልከት።

ልብ ሁለት የላይኛ፣ ሁለት የታችኛ ክፍሎች አሉት። በቀኙ የላይኛ ክፍል ግድግዳ ላይ የትርታው መነሻ የሆነች ትንሽ የሴሎች ቋጠሮ አለች። ሶዲየም፣ ካልሲየምና ፖታሲየም በሴሎቹ ሽፋን ሲገቡና ሲወጡ ጥቂት ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። ዕረፍት ላይ ባለ አዋቂ ሰው ይህ በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ጊዜ ይደጋገማል። የነርቭ ሥራ ማፍጠንና ማዘግየት ብቻ ነው። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን ጉናን ስንወጣ ደረታችን ድው ድው የሚለው መነሻዋ «ቶሎ በይ» ስለተባለች ነው።

ኤሌክትሪኩ በመጀመሪያ የላይኞቹን ክፍሎች ያኮማትራል። ከዚያ በላይና በታች መካከል ካለችው ሁለተኛ ቋጠሮ ሲደርስ የሰከንድ አንድ አሥረኛ ያህል ይቆያል። መቆየቱ ለምን? ሁለት ሴቶች በአንድ ሙቀጫ ሲወቅጡ አንዷ ስታነሳ ሌላዋ ትጥላለች፤ እኩል ቢጥሉ ዘነዘናው ይጋጫል። ልብም እንዲሁ ነው፤ የላይኞቹ ደማቸውን ሳይጨርሱ የታችኞቹ መጭመቅ የለባቸውም። ከዚህ በኋላ ትእዛዙ በመካከለኛው ግድግዳ ቁልቁል ወርዶ በቀጫጭን ክሮች ይሰራጫል። የደሙ መውጫ በላይ በኩል ስለሆነ ጭመቃውም ከታች ወደ ላይ ይሄዳል።

ሁለተኛዋን ቋጠሮ እ.ኤ.አ. በ1906 ጃፓናዊው ሱናኦ ታዋራ፣ መነሻዋን በ1907 በብሪታንያ አርተር ኪዝና ማርቲን ፍላክ ገለጹ። መነሻዋ ብትደክም ሁለተኛዋ በደቂቃ ከ40 እስከ 60 ትመታለች፤ ርዕሰ መምህሩ ሲቀር ምክትሉ ሰልፉን እንደሚያስጀምር ማለት ነው።

ነገሩ እኛን መምህራንን የሚነካው እዚህ ላይ ነው። በአገራችን የብዙ ልጆችን ልብ የሚጎዳው ሩማቲክ የልብ በሽታ የሚጀምረው ከጉሮሮ ሕመም ነው። ካልታከመ፣ ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ ትኩሳትና ከጉልበት ወደ ቁርጭምጭሚት የሚዛወር የመገጣጠሚያ ሕመም ሊያስከትል ይችላል። ትኩሳቱ በሁለተኛዋ ቋጠሮ ያለውን ቆይታ ሊያረዝመው፣ ሲደጋገምም የልብን በሮች ሊያጠብ ይችላል። በሩ ሲጠብ የግራው የላይኛ ክፍል ይለጠጣል፤ ትእዛዙም ይበታተንና ትርታው ሥርዓት ያጣል። ያን ጊዜ ደም ይረጋል፣ ወደ አንጎልም ሄዶ ሽባ ሊያደርግ ይችላል። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ በ2001 ዓ.ም የተከፈተው የልብ ሕሙማን ሕፃናት ማዕከል ለቀዶ ሕክምና ከሚቀበላቸው መካከል የዚህ በሽታ ተጠቂዎች ይገኙበታል።

ነገ ጋይንት፣ ስማዳ ወይም እስቴ ስንመደብ ጉሮሮውን ያመመው ልጅ ይገጥመናል። እንጥል ማስቆረጥ ጀርሙን አያጠፋውም፤ የሚያጠፋው ጤና ጣቢያ የሚሰጠው ፔኒሲሊን ነው። ዳገቱን ወጥቶ ትንፋሽ ያጠረውን ልጅ «ሰነፍ» ከማለታችን በፊት እጁን ይዘን ትርታውን ለግማሽ ደቂቃ እንቁጠር። ከትንፋሹ ጋር ትንሽ ቢፈጥንና ቢዘገይ የልጅ ወጉ ነው። ዝብርቅርቅ ካለ ግን ወላጁን ጠርተን ዛሬውኑ ወደ ጤና ጣቢያ እንላከው።