ባሕርና ሰማይ የሚገናኙበት ፕሮግራም

ለረጅም ጊዜ ኮምፒውተር የነገውን አየር ሲተነብይ የሚያሰላው ሰማዩን ብቻ ነበር። ባሕሩ ሙቀቱ ሳይለወጥ እንደ ወለል ከስር ይነጠፍ ነበር። ለሁለትና ሦስት ቀን ትንበያ ይህ ብዙም አይጎዳም፤ ጉዱ የሚወጣው የሐሩር ማዕበል ሲነሳ ነው። ኃይለኛው ነፋስ ቀዝቃዛውን ውሃ ከጥልቁ አማስሎ ስለሚያወጣው ማዕበሉ ኃይል የሚያገኝበት ሙቀት ይቀንሳል። ባሕሩ በማይቀዘቅዝበት ሞዴል ግን ማዕበሉ ከልኩ በላይ ይበረታል። በእንግሊዝ ሬዲንግ ያለው የአውሮፓ መካከለኛ ጊዜ የአየር ትንበያ ማዕከል እንኳ ከሁሉ የጠራ ትንበያውን ከውቅያኖስ ሞዴል ጋር ያጣመረው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው።

ሐሳቡ ግን የቆየ ነው። ስዩኩሮ ማናቤና ከርክ ብራያን በአሜሪካ ፕሪንስተን የሠሩትን የመጀመሪያውን የከባቢ አየርና የውቅያኖስ ጥምር ሞዴል በ1969 አሳትመዋል። ማናቤ በ2021 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማትን ከተጋሩት አንዱ ናቸው።

የዛሬው ጥምር ሞዴል የብዙ ፕሮግራሞች ስብስብ ነው። ከባቢ አየሩን፣ ውቅያኖሱን፣ የባሕር በረዶውንና የብሱን የተለያዩ ቡድኖች ለየብቻ ለዓመታት ጽፈዋቸዋል። ብዙ ጊዜ በመካከላቸው አገናኝ ፕሮግራም ይገባል፤ በፈረንሳይ ቱሉዝ የተሠራው ኦአሲስ ስመ ጥር ነው። የባሕሩን ገጽ ሙቀት ለሰማዩ፣ ነፋሱን፣ ዝናቡንና የፀሐዩን ሙቀት ለባሕሩ ያደርሳል።

ቀላል መልእክተኝነት ይመስላል፤ ጣጣው የሚበዛው ግን እዚህ ነው። አንዱ ሞዴል ወደ ባሕር የሚገባውን ሙቀት በመደመር ምልክት ሲጽፍ ሌላው የሚወጣውን እንዲሁ ይጽፍ ይሆናል፤ ይህ ሳይታረም ከቀረ መቀዝቀዝ የሚገባው ባሕር እየሞቀ ይሄዳል። ምድርን የሚከፋፍሉባቸው ቁራጮችም አይገጥሙም። ባብ ኤል መንደብ ወርዱ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ የቁራጩ ጎን 100 ኪሎ ሜትር በሆነ ሞዴል ውስጥ ካልተጠነቀቁለት ይደፈናል፤ ቀይ ባሕርም ከሕንድ ውቅያኖስ ይቆረጣል። ሠሪዎቹ እንዲህ ያለውን ሰርጥ በእጃቸው ይከፍቱታል። ለሰማዩ የብስ የሆነው ቁራጭ ለውቅያኖሱ ውሃ ከሆነስ፣ እዚያ የዘነበው ዝናብ የት ይገባል? መቶ ዓመት በሚያሰላ ሞዴል በየጊዜው የሚጎድለው ጥቂት ውሃ ተጠራቅሞ የባሕሩን ጨዋማነት ያዛባል።

ለየብቻቸው ደህና የነበሩ ሞዴሎች ሲጣመሩ ቀስ በቀስ ከእውነተኛው ምድር መራቃቸውም የታወቀ ነው። ቀድሞ መፍትሔው ለባሕሩ ሰው ሠራሽ ሙቀትና ውሃ መጨመር ነበር፤ ጠጠር ጨምሮ ሚዛን እንደ ማስተካከል ያለ። በ1990ዎቹ መጨረሻ የብሪታኒያው ሃድሊ ማዕከል ሃድሲኤም3 በተባለው ሞዴሉ ያለዚህ ድጎማ መቆም ችሏል። በእኔ ዓይን ይህ ከየትኛውም የኮምፒውተር ፍጥነት ይበልጣል።

ጥምር ሞዴል የሚፈተንባቸው መንገዶች ብዙ ናቸው፤ እኔን የሚማርከኝ ግን ተራ የሚመስለው ነው። ሞዴሉ አሥር ቀን በአንድ ትንፋሽ ይሰላል። ከዚያ እንደገና አምስት ቀን ተሰልቶ ይቆማል፤ ከቆመበት ተነስቶ ቀሪውን አምስት ይጨርሳል። ሁለቱ ውጤቶች እስከ መጨረሻዋ አሃዝ አንድ መሆን አለባቸው። ልዩነት ካለ አንዱ ክፍል ሲቆም ያላስቀመጠው ነገር አለ ማለት ነው። «ኢምንት ነው» ብሎ ማለፍም አይቻልም፤ የአየር ሁኔታ ተመራማሪው ኤድዋርድ ሎሬንዝ በ1961 0.506127ን 0.506 ብለው ቢያስገቡ በኮምፒውተር የሚያሰሉት አየር ፈጽሞ ሌላ መንገድ ይዟል።

ለእኛ ጉዳዩ ከክረምት ጋር ይያያዛል። ኤል ኒኞ የተባለው የፓስፊክ ውቅያኖስ መሞቅ ሲነሳ በሰሜንና በመካከለኛው ኢትዮጵያ የክረምቱ ዝናብ ብዙ ጊዜ ይቀንሳል፤ የ2015ቱ ድርቅ አይረሳም። ኤል ኒኞን የሚፈጥሩት ደግሞ የፓስፊክ ነፋስና ውሃ እርስ በርስ እየተገፋፉ ስለሆነ፣ ባሕሩን ወለል ያደረገ ሞዴል መነሻውን ሊይዝ አይችልም። የሬዲንጉ ማዕከል ሲስ5 የተባለውን የወቅት ትንበያ ሞዴል የመዘነው ከ1981 እስከ 2016 ያሉትን ዓመታት ወር በወር ወደ ኋላ ተመልሶ እንዲተነብይ በማድረግ ነው። ወደ ፊት ሲተነብይ ግን በጥቂቱ ከሚለያዩ መነሻዎች 51 ጊዜ ይሰላል። ከእነዚህ ውስጥ ምን ያህሉ ዝናቡ ከመደበኛ በታች ይሆናል እንዳሉ ተቆጥሮ፣ የዝናብ እጥረቱ ዕድል በመቶኛ ይገለጻል።