ፍርምባን በጭስ ማብሰል

በወይራ በታጠነ ቅል የተቀመጠ እርጎ ጭስ ጭስ ሲል ምን ያህል እንደሚጥም ለሐበሻ አይነገርም። እኛ የምናጥነው ግን ዕቃውን ነው። በአሜሪካዋ ቴክሳስ የሚታጠነው ሥጋው ራሱ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን እዚያ የሰፈሩ የጀርመንና የቼክ ስደተኞች በከፈቷቸው ሥጋ ቤቶች የዳበረው ይህ ሙያ ዛሬ ከሁሉ በላይ የሚታወቀው ብሪስኬት በሚሉት ሥጋ ነው፤ የእኛው ፍርምባ ማለት ነው። እንደ ዱሮው ሌሊቱን ሙሉ እሳት መቆስቆስ ለማይችል ሠራተኛ ቤተሰብ፣ ስሞከር የሚባለው የኤሌክትሪክ ማጠኛ ትልቅ ዕረፍት ነው።

ዕቃው ቁመቱ ትንሽ ፍሪጅ የሚያህል፣ በር ያለው ሳጥን ነው። ከታች እንደ ኤሌክትሪክ ምጣድ በሽቦ የሚግል ማሞቂያ አለው። ከማሞቂያው በላይ የእንጨት ስብርባሪ የሚጨመርበት ትሪ፣ ከዚያ የውሃ ሳህን፣ ከዚያ የሥጋው ሽቦ መደርደሪያዎች ይመጣሉ። ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው፦ የሚያበስለው ኤሌክትሪኩ፣ የሚያጥነው እንጨቱ ነው። ሙቀቱን 110 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ከሞሉት መቆጣጠሪያው እያበራ እያጠፋ እዚያው አካባቢ ያቆየዋል።

ለምን ይህን ያህል ዝቅ ባለ ሙቀት? ፍርምባ የከብቱን የፊት ክብደት ሲሸከም የኖረ ጡንቻ ስለሆነ ጅማት ይበዛበታል፤ ለችኮላ ጥብስ አይሆንም። ጅማቱ ውስጥ ያለው ኮላጅን የሚባለው ነገር በዝግታ ሲሞቅ ግን ሟሙቶ እንደ ቅልጥም መረቅ የሚያጣብቅ ወዝ ይሆናል። ለዚህ የሥጋው ውስጥ 95 ዲግሪ አካባቢ መድረስ አለበት፤ አምስት ኪሎ ለሚመዝን ፍርምባ ከ10 እስከ 14 ሰዓት ይወስዳል። ስለዚህ ሰዓት አይመኑ፤ ወፍራሙ ቦታ ላይ የሚሰካ ቴርሞሜትር ይግዙ።

የመጀመሪያዬን ፍርምባ ያበላሸሁት የሥጋው ሙቀት መሃል ላይ እንደሚቆም ሳላውቅ ነው። ቴርሞሜትሩ እየወጣ እየወጣ 68 ላይ ሲደርስ ቆመ። አንድ ሰዓት ጠበቅሁ፣ ሁለት ሰዓት ጠበቅሁ፣ ንቅንቅ አላለም። ዕቃው ተበላሸ ብዬ ሙቀቱን እስከ መጨረሻው ከፈትሁት፤ ያወጣሁት ሥጋ ጠርዙ እንደ ቋንጣ የደረቀ ነበር። ለካ ሥጋው ላብ እያላበው ነበር። እንስራ ውሃን የሚያቀዘቅዘው በገላው የሚወጣው እርጥበት ሲተን ሙቀት ይዞ ስለሚሄድ ነው፤ ፍርምባውም እዚያ ደረጃ ላይ እንደዚያው ራሱን ያቀዘቅዛል። መፍትሔው መታገሥ፣ ወይም ሥጋውን በፎይል አጥብቆ ጠቅልሎ መመለስ ነው። ሲጠቀለል ትነቱ ይቆማል፣ ሙቀቱም መውጣቱን ይቀጥላል።

ጭሱን በተመለከተ ብዙ ሰው የሚስተው በማብዛት ነው። ከስሞከሩ አናት የሚወጣው ስስና ሰማያዊ መሰል ከሆነ ጥሩ ነው፤ ነጭና ድፍን ሆኖ ሲተም ግን ሥጋውን ያመርረዋል። ስብርባሪውን አንድ አንድ እፍኝ እያደረጉ ለመጀመሪያዎቹ ሦስትና አራት ሰዓታት ብቻ ይጨምሩ፤ ጭስ ይበልጥ የሚይዘው ሥጋው ቀዝቃዛና እርጥብ ሳለ ነው። እንጨቱን ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍ አያስፈልግም፤ እስኪደርቅ ድረስ የሚሰጥዎት እንፋሎት ነው። ኦክ፣ ሂከሪ፣ የፖም እንጨት ሁሉም ይሆናሉ። የወይራ ስብርባሪ ካገኙ ደግሞ የልጅነት ሽታ ይዞልዎት ይመጣል። ጥድና ሌላ ሙጫ ያለው እንጨት፣ እንዲሁም ቀለም የነካው ጣውላ ፈጽሞ አይግባ።

በከሰል የታጠነ ሥጋ ሲቆረጥ ጠርዙ ላይ ቀላ ያለ መስመር ይታይበታል። ያ የሚመጣው ከሚነድ እሳት በሚወጡ ጋዞች ስለሆነ በኤሌክትሪኩ ብዙም አይታይም። መልክ እንጂ ጣዕም አይደለምና አይዘኑበት።

ስሞከሩ ሁልጊዜ ከቤት ውጭ፣ ከግድግዳ ራቅ ብሎ ይቀመጥ። ጭሱ ካርቦን ሞኖክሳይድ አለው፤ ጋራዥ ውስጥ በሩን ከፍቶ መሥራትም ያው አደጋ ነው። ቀጭን ማራዘሚያ ገመድ ይግላል፣ ዝናብም ጠላቱ ነው። ዶሮ ከሆነ የሚያጥኑት ውስጡ 74 ዲግሪ ሳይደርስ አይብሉት።

ለማጣፈጫው ደቀቅ ያላለ ጨውና ቁንዶ በርበሬ ይበቃል፤ ሚጥሚጣውና አዋዜው ገበታ ላይ ይቆየው። መብሰሉን በመጨረሻ የሚነግርዎት እጅዎ ነው፦ ቀጭን ሹል ብረት ሲወጉት ለጋ ቅቤ ውስጥ እንደገባ ሁሉ ያለ ግፊት ከሰመጠ ደርሷል። ከዚያ ቢያንስ አንድ ሰዓት እንደተጠቀለለ ይረፍ፤ ወዲያው ከቆረጡት ወዙ ጣውላው ላይ ይቀራል። ሲቆርጡም የሥጋውን ጭረት አቋርጠው ይሁን።

ለፋሲካ የምሠራው እንዲህ ነው። ከቅዳሴ ስንመለስ ቤተሰቡ በዶሮው ይፈስካል፤ እኔ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ፣ ገና ሳይነጋ፣ ማታ ጨው የነካሁትን ፍርምባ አስገብቼ ስሞከሩን አበራለሁ። ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ እንግዳ ሲገባ ሥጋው አርፎ፣ እንጀራው ተዘርግቶ ይጠብቀዋል።