ትእዛዝ መላክና ትእዛዝ መፈጸም፦ ከማሽን ተቆጣጣሪ ሶፍትዌር ጋር በፕሮግራም መነጋገር

እንደሚታወቀው በቶርኖና በፍሬዛ ከሚሠሩት የብረት ሥራዎች ብዙዎቹ ዛሬ በኮምፒዩተር በሚመሩ ማሽኖች ይከናወናሉ። ባለሙያው የመቁረጫውን መንገድ በፊደላትና በቁጥሮች ጽፎ ያቀርባል፤ ተቆጣጣሪው ሶፍትዌር ደግሞ ጽሑፉን ወደ ሞተሮች እንቅስቃሴ ይለውጠዋል። ይሁን እንጂ የማሽኑን ሥራ ከመለኪያ መሣሪያ፣ ከካሜራ ወይም ዕቃ ከሚያቀብል ክንድ ጋር ማቀናጀት ስንፈልግ፣ እኛ የምንጽፈው ፕሮግራም ራሱ ከተቆጣጣሪው ጋር መነጋገር ይኖርበታል። በዚህ ጽሑፍ ይህ ንግግር እንዴት እንደሚካሄድና ምን ጥንቃቄ እንደሚያሻው ለማብራራት እንሞክራለን።

ለምሳሌነት የመረጥነው ሊኑክስሲኤንሲ የተባለውን ሶፍትዌር ነው። መሠረቱ የተጣለው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሲሆን፣ በኋላ በበጎ ፈቃደኞች እየዳበረ መጥቶ የአሁኑን ስያሜውን እ.ኤ.አ. በ2011 አግኝቷል። ያለ ክፍያ የሚገኝ በመሆኑና ማሽን በሌለበትም በኮምፒዩተር ላይ በማስመሰል ሊሞከር ስለሚችል ለተማሪ ይመቻል።

ላይብረሪው ለምን አስፈለገ?

ላይብረሪ ስንል ሌሎች ጽፈው ያዘጋጁትን፣ እኛ በስሙ እየጠራን የምንገለገልበትን የፕሮግራም ስብስብ ማለታችን ነው። «ሞተሮቹን በራሳችን ፕሮግራም በቀጥታ ለምን አናዝዝም?» የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። መልሱ ከጊዜ ጋር የተያያዘ ነው። ተቆጣጣሪው በተለመደው አሠራር የመቁረጫውን ቦታ በየ1 ሚሊሰከንዱ ያሰላል። መቁረጫው በደቂቃ 3000 ሚሊሜትር ቢጓዝ፣ በሰከንድ 50 ሚሊሜትር፣ በሚሊሰከንድ ደግሞ 0.05 ሚሊሜትር ይሄዳል። በፓይተን ቋንቋ የተጻፈ ተራ ፕሮግራም ግን ኮምፒዩተሩ በሌላ ሥራ ሲያዝ ተራውን ለመጠበቅ ይገደዳል። መዘግየቱ 100 ሚሊሰከንድ ብቻ ቢሆን እንኳ፣ መቁረጫው 5 ሚሊሜትር ያህል ያለ አዲስ መመሪያ ይጓዛል ማለት ነው፤ ይህም ሥራውን ለማበላሸት ከበቂ በላይ ነው።

ስለሆነም የሥራ ክፍፍል ተደርጓል። ሰዓቱን ጠብቆ ሞተሮቹን የሚመራው ተቆጣጣሪው ነው፤ የእኛ ፕሮግራም ድርሻ «ወደዚህ ቦታ ሂድ» የሚለውን መልእክት በላይብረሪው አማካይነት ማድረስ ብቻ ነው።

ሦስቱ መተላለፊያዎች

የሊኑክስሲኤንሲ የፓይተን ላይብረሪ ሦስት መተላለፊያዎች አሉት። በመጀመሪያው ትእዛዝ እንልካለን። በሁለተኛው የማሽኑን ሁኔታ፣ ማለትም ቦታውን፣ ፍጥነቱንና ለሥራ ዝግጁ መሆን አለመሆኑን እናነባለን። በሦስተኛው የስሕተት መልእክቶች ይደርሱናል። የሁኔታው መረጃ እንደ ፎቶግራፍ ነው፤ ፕሮግራሙ በየጊዜው እንደገና ካልጠየቀ በስተቀር በእጁ የሚቀረው ያለፈው ጊዜ ምስል ነው።

ትእዛዝ ከመላካችን በፊት መሟላት ያለበት ቅደም ተከተልም አለ። የአደጋ ጊዜ ማቆሚያው ይለቀቃል፣ ማሽኑ ይበራል፣ እያንዳንዱ አቅጣጫ መነሻ ነጥቡን ያገኛል፣ ከዚያም ተቆጣጣሪው አንድ በአንድ የሚላኩ ትእዛዞችን ወደሚቀበልበት ሁኔታ ይዛወራል። መነሻ ነጥቡን ላላወቀ ማሽን «50 ሚሊሜትር ላይ ቁም» ማለት ትርጉም የለውም።

ተልኳል ማለት ተፈጽሟል ማለት አይደለም

የጉዳዩ ቁልፍ ያለው እዚህ ላይ ነው። ትእዛዙን የምንልክበት መስመር ሥራውን የሚያጠናቅቀው መልእክቱ እንደተላከ ነው፤ መቁረጫው ግን ገና መንገድ ላይ ይሆናል። ለዚህም ላይብረሪው «ዌይት ኮምፕሊት» የተባለ የመጠበቂያ ትእዛዝ አዘጋጅቶልናል። ይህ ትእዛዝ የተለየ ጊዜ ካልወሰንለት የሚጠብቀው 5 ሰከንድ ብቻ ነው። ሥራው ከተፈጸመ ወይም ስሕተት ከተፈጠረ ይህንኑ ያሳውቃል፤ ጊዜው ካለፈበት ደግሞ -1 የሚል መልስ ይሰጣል።

እንግዲህ 600 ሚሊሜትር የሚረዝም ጉዞ በደቂቃ 3000 ሚሊሜትር ፍጥነት አዘዝን እንበል። ማፍጠኛና ማቆሚያ ጊዜውን ብንተወው እንኳ ጉዞው 12 ሰከንድ ይፈጃል። በ5ኛው ሰከንድ ጥበቃው ሲያበቃ መቁረጫው ገና 250 ሚሊሜትር ብቻ ተጉዟል፤ 350 ሚሊሜትር ይቀረዋል። ፕሮግራሙ የተሰጠውን መልስ ሳይመረምር ወደሚቀጥለው መስመር ከተሻገረና ያ መስመር ዕቃውን የያዘውን ማሰሪያ የሚፈታ ከሆነ፣ በሚሽከረከር መቁረጫ ሥር ዕቃው ይለቀቃል። በአጠገቡ ለቆመ ሰው ይህ የሕይወት ጉዳይ ነው። ስለዚህ የመጠበቂያ ጊዜው ከጉዞው ርዝመት ጋር ተሰልቶ መሰጠት፣ መልሱ ሁልጊዜ መመርመር፣ «ተፈጽሟል» የሚል መልስ ካልተገኘም ቀጣዩ እርምጃ መታገድ ይኖርበታል።

ይህ ሁሉ ተሟልቶም ቢሆን የአደጋ ጊዜ ማቆሚያው ቁልፍ በእኛ ፕሮግራም ላይ ሊተማመን አይገባም። ፕሮግራሙ ቢቆም ወይም ኮምፒዩተሩ ቢደነዝዝ እንኳ የሞተሮቹን ኃይል በሽቦ በቀጥታ ማቋረጥ መቻል አለበት።

ርእሱን ይበልጥ ለመረዳት የሚሹ ተማሪዎች ከላይ የጠቀስነውን የ600 ሚሊሜትር ጉዞ ማሽን በሌለበት በማስመሰያው ላይ ቢሞክሩት እንመክራለን። በመጀመሪያ ጊዜውን ሳይወስኑ፣ ቀጥሎም 15 ሰከንድ ሰጥተው የሚመጣውን መልስና በዚያች ቅጽበት መቁረጫው ያለበትን ቦታ ይመዝግቡ።