ድድዎ ለምን ይደማል? የሰውነት የመከላከል አቅምና የድድ በሽታ

ጥርስዎን ሲፍቁ መፋቂያው ላይ ደም ካዩ ድድዎ ታሟል ማለት ነው። በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬም ሆነ በዙሪያቸው ባለው ገጠር ይህ ብዙ ጊዜ ከቁም ነገር አይቆጠርም፤ ጤና ተቋም የሚታሰበው ጥርሱ መነቃነቅ ሲጀምር ነው። ያኔ ግን ዘግይቷል።

በሽታው የሚነሳው በጥርስና በድድ መገናኛ ላይ ከሚጋገር ቆሻሻ ነው። በባክቴሪያ የተሞላ ነው፤ በጊዜ ካልተወገደ ጠጥሮ በመፋቂያም በብሩሽም አይለቅም። ሰውነትም ዝም አይልም፣ ነጭ የደም ሴሎቹን ይልካል። የድድ መቅላት፣ ማበጥና መድማት የዚህ ውጊያ ምልክት ነው። በዚህ ደረጃ ከታከመ ድዱ ሙሉ በሙሉ ይድናል።

ውጊያው ለዓመታት ሲቀጥል ግን ሴሎቹ ባክቴሪያን ለመግደል የሚያመነጯቸው ኬሚካሎች ጥርስን ከመንጋጋ ጋር የያዙትን ጅማቶች ይጎዳሉ፤ አጥንትም መሟሟት ይጀምራል። ጥርስዎን በአብዛኛው የሚያሳጣዎት የራስዎ መከላከያ ነው ማለት ነው። የሟሟው አጥንት በራሱ ተመልሶ አይበቅልም።

መከላከያውን ከሚያዛቡት ነገሮች ዋነኛው የስኳር በሽታ ነው። ስኳሩ ከፍ ያለ ሰው ነጭ የደም ሴሎቹ በደንብ አይዋጉም፣ ቁስሉም ቶሎ አይድንም። በቁጥጥር ሥር ያልዋለ ስኳር ያለበት ሰው ለከባድ የድድ በሽታ ያለው ተጋላጭነት ከሌላው ሰው 2 እስከ 3 እጥፍ ነው። የታመመ ድድም በተራው ስኳሩን ያስቸግራል። ስለዚህ ድድዎ ደጋግሞ መግል ከያዘ፣ ውሃ ከጠማዎትና ሽንት ከበዛብዎት፣ ጥርስ ከመነቀልዎ በፊት ስኳርዎን ይለኩ።

ሲጋራ የድድን የደም ፍሰት ስለሚቀንስ የአጫሽ ድድ እየተጎዳም ላይደማ ይችላል፤ አለመድማቱ አያዘናጋዎት። በእርግዝና ወቅት በሆርሞን ለውጥ ድድ በቀላሉ ያብጣል፤ ነፍሰ ጡር ሴት የጥርስ ሕክምና ማግኘት አትከለከልም። ኤች አይ ቪ ሲኖር ደግሞ ድድ በድንገት ሊቆስልና ሊሸት ይችላል። ለሚጥል በሽታ ፌኒቶይን የሚወስድ ሰው ድዱ ሊያድግ ይችላል፤ ለሐኪሙ ይንገር እንጂ መድኃኒቱን በራሱ አያቋርጥ።

ከሁሉም የሚያስፈራው በሕፃናት ላይ የሚታየው ኖማ ነው። በተለይ ከ2 እስከ 6 ዓመት ያሉ፣ በምግብ እጥረት የተጎዱና ከኩፍኝ ወይም ከወባ ገና ያላገገሙ ልጆችን ያጠቃል። መከላከያቸው ስለደከመ ተራ የድድ ቁስል በቀናት ውስጥ ጉንጭና አጥንት ወደ መብላት ይሸጋገራል። ካልታከመ እስከ 90 በመቶ የሚሆኑትን ይገድላል። የዓለም ጤና ድርጅት በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ትኩረት ከተነፈጋቸው የሐሩር ክልል በሽታዎች ተርታ አስገብቶታል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ እርግማንም አይደለም። የልጅዎ ድድ ከቆሰለ፣ አፉ ከወትሮው የተለየ መጥፎ ሽታ ካመጣና ጉንጩ ካበጠ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት። ቀድሞ ከተደረሰበት በአንቲባዮቲክ፣ በአፍ ንጽሕናና በተመጣጠነ ምግብ ይቆማል።

ደም አየሁ ብለው መፋቅዎን አያቁሙ። የወይራ መፋቂያም ሆነ ብሩሽ ይሠራል፤ ጫፉን በደንብ አኝከው ያለስልሱት፣ የድዱን ዳርና የጥርሱን የውስጥ ገጽ አይዝለሉ። የሚታየውን የፊት ጥርስ ብቻ ፍቀው የሚተዉ ብዙ ናቸው፣ በሽታው ግን ከኋላ ይገባል። ለብ ባለ ጨዋማ ውሃ መጉመጥመጥ ያስታግሳል እንጂ የጠጠረውን አያነሳም፤ እሱን የጥርስ ባለሙያ በመሣሪያ ፍቆ ያነሳዋል። በቅርብዎ ያለው ጤና ጣቢያ የጥርስ ሕክምና ከሌለው ወደ ሆስፒታል ሪፈር እንዲጽፉልዎ ይጠይቁ። ሲሄዱም የሚወስዷቸውን መድኃኒቶችና የስኳር ወይም የግፊት ክትትል ካርድዎን ይያዙ።