መጠጥ የተወ ሰው አንጎል እንዴት ያገግማል?

የሜታ አቦ ቢራ ፋብሪካ በተቋቋመባት በሰበታም ሆነ ጠጅ በሚጣልበትና አረቄ በሚወጣበት መንደር ሁሉ፣ ብዙ ዘመን የጠጣ ሰው «ከዛሬ ጀምሮ ትቻለሁ» ሲል ዘመድ ደስ ይለዋል። እኛ ግን በዚህ ደስታ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ልንጨምር እንወዳለን።

አልኮል አንጎልን የሚያረጋጋውን፣ ጋባ የተባለውን ንጥረ ነገር ሥራ ያግዛል፤ የሚያነቃቃውን ግሉታሜትን ግን ይገታል። አንጎልም ለማካካስ ሲል የማነቃቂያውን ኃይል ያበረታል። እንግዲህ መጠጡ በድንገት ሲቋረጥ ልጓሙ ይወልቅና ግልቢያው ብቻ ይቀራል። እጅ ይንቀጠቀጣል፤ በመጀመሪያዎቹ 2 ቀናት የሚጥል በሽታ የመሰለ መንፈራገጥ፣ ከ2 እስከ 4 ባሉት ቀናት ደግሞ መቃዠትና የሌለ ነገር ማየት ሊመጣ ይችላል። ይህን ርኩስ መንፈስ ነው ብሎ ሐኪም ሳያሳዩ ወደ ጠበል ብቻ መውሰድ (ጠበሉን አንነቅፍም) ሕይወት ሊያስጠፋ ይችላል። በየዕለቱ አብዝቶ የሚጠጣ ሰው በሐኪም ምክር ይተው።

ይህ ከታለፈ በኋላ የተኮማተረው አንጎል በሳምንታት ውስጥ መጠኑን መመለስ ይጀምራል፤ እንቅልፍና ማስተዋል ግን ወራት ይጠይቃሉ። ካርል ቬርኒክ በ1881 እ.ኤ.አ. የገለጸው፣ ምግብ ትቶ መጠጥ ብቻ በያዘ ሰው ላይ በቫይታሚን ቢ 1 እጥረት የሚመጣው ሕመም ቶሎ ካልታከመ፣ የማስታወስን ኃይል እስከ መጨረሻው ሊወስድ ይችላል።